የታሰረ ሰው ስሙ ይጻፍ፦ ስለ አስቸኳይ ጊዜ እስር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት

ግልባጭ፦ ለፍትሕ ሚኒስቴር፣ ለፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽን፣ ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን

ጉዳዩ፦ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የሚያዙ ሰዎች አያያዝ በሕግ እንዲወሰን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ በእስረኞች ጉዳይ የምንሠራ የሕግ ባለሙያዎች ነን። የሚቀጥለው አዋጅ እጃችሁ ከመግባቱ በፊት መጻፍ የፈለግነው፣ አዋጅ በሚታወጅበት ሳምንት ስለ መዝገብና ስለ ቅጽ የሚያወራ ሰው ሰሚ ስለማያገኝ ነው። አገር ሲታመስ ሁሉም ሰው የሚያየው ትልቁን ነገር ነው። ሰው የሚጠፋው ግን በትንሹ ነገር፣ ባልተሞላ አንድ ገጽ ወረቀት ምክንያት ነው።

ሕገ መንግሥታችን 48 ሰዓትን ሁለት ቦታ ላይ ይጠቅሳል። አንደኛው አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 ነው፤ የተያዘ ሰው የጉዞው ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሁለተኛው አንቀጽ 93 ነው፤ ምክር ቤታችሁ በሥራ ላይ ባለበት ወቅት የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በ48 ሰዓት ውስጥ ለእናንተ ቀርቦ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልጸደቀ ይወድቃል። ሥራ ላይ ካልሆናችሁ ደግሞ ቀኑ 15 ነው። እንግዲህ አዋጁ ራሱ ዳኛ ፊት የሚቆምበት ቀነ ገደብ አለው ማለት ነው፤ ዳኞቹም እናንተ ናችሁ። በዚያው አዋጅ ከቤቱ የተወሰደው ሰው ግን ቀነ ገደብ የለውም። አዋጁ የሚቆየው እስከ ስድስት ወር ነው። በ180 ቀን ብናሰላው 4,320 ሰዓት ይሆናል፤ የ48 ሰዓት 90 እጥፍ መሆኑ ነው። ለአራት ወር ሲራዘም 150 እጥፍ ይደርሳል።

ይህ በወረቀት ላይ የቀረ ስሌት አይደለም። መስከረም 28 ቀን 2009 የጀመረው አዋጅ ተራዝሞ አሥር ወር ያህል ከቆየ በኋላ ሐምሌ 28 ቀን 2009 ተነሣ። የካቲት 9 ቀን 2010 ሌላ ታወጀ። ጥቅምት 23 ቀን 2014 በጦርነቱ ምክንያት የታወጀው የካቲት 8 ቀን 2014 ቀኑ ሳይሞላ ተነሣ፤ ይህን ምክር ቤታችሁ በመልካም ሊጠቅሰው ይችላል። ከዚያም በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት ምክንያት ሐምሌ 28 ቀን 2015፣ የ2009ኙ በተነሣበት ዕለት ልክ በስድስተኛ ዓመቱ፣ አዋጅ ቁጥር 6/2015 መጣ። ጥር 24 ቀን 2016 ለተጨማሪ አራት ወር አራዘማችሁት። እነዚህ አዋጆችና መመሪያዎቻቸው ቃላቸው ቢለያይም ስለ እስር የሚሉት ተመሳሳይ ነው፦ በተጠረጠረ ሰው ላይ የፍርድ ቤት ማዘዣ አያስፈልግም፣ የተያዘውም አዋጁ እስኪያበቃ ሊቆይ ይችላል።

መንግሥት በሁከት ጊዜ ፈጥኖ መያዝ አያስፈልገውም አንልም። መንገድ ተዘግቶ፣ ቤት እየተቃጠለ፣ ሰው በማንነቱ እየታደነ ፖሊስ ማዘዣ እስኪጻፍ ይቆይ የሚል ክርክር የለንም። የምንለው ሌላ ነው። ፈጥኖ መያዝና ስም ሳይመዘግቡ መያዝ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ለጸጥታ ሊያስፈልግ ይችላል። ሁለተኛው የሚጠቅመው ማን ምን እንዳደረገ እንዳይታወቅ ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው።

የሕገ መንግሥቱ አርቃቂዎችም ይህን ያወቁት ይመስለናል። አንቀጽ 93 ንዑስ አንቀጽ 5 አዋጁ ሲጸድቅ አብሮ ሰባት አባላት ያሉት መርማሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል። የቦርዱ የመጀመሪያ ሥራ፣ ከሁሉ አስቀድሞ በንዑስ አንቀጽ 6 ፊደል ተራ ሀ ላይ የተጻፈው፣ በአዋጁ ምክንያት የታሰሩትን ሰዎች ስም ከታሰሩበት ምክንያት ጋር በአንድ ወር ውስጥ ይፋ ማድረግ ነው። ሕጉ የጠየቀው ስምና ምክንያት ነው፤ በጠቅላላ ቁጥር ግዴታው አይወጣም።

ኅዳር 3 ቀን 2009 የወቅቱ ቦርድ 11,607 ሰዎች በስድስት ማቆያዎች እንደሚገኙ፣ ከእነዚህም 347ቱ ሴቶች መሆናቸውን አስታወቀ። ቁጥሩ መነገሩ ካለመነገሩ ይሻላል። ነገር ግን ልጇን ፍለጋ ከጣቢያ ጣቢያ ለምትዞር እናት 11,607 የሚለው አኃዝ ምንም አይነግራትም። እሷ የምትፈልገው አንድ መስመር ነው፦ ስሙ ከነአባቱ ከነአያቱ፣ የት እንዳለ፣ ለምን እንደተያዘ። በዚያው ዓመት ከተሐድሶ ሥልጠና በኋላ ብዙ ወጣቶች «አይደገምም» የሚል ጽሑፍ ያለበት ካናቴራ ለብሰው ሲለቀቁ አይተናል። ክስ ያልቀረበበት፣ ጥፋቱ በዳኛ ያልተረጋገጠ ሰው የማይደግመው ምኑን ነው? ምክንያቱ በመጀመሪያው ቀን ቢጻፍ ኖሮ ይህ ጥያቄ ባልተነሣ ነበር።

ዝርዝሩን ማውጣት ከባድ ነው ይባላል። እንቁጠረው። አንድ ጸሐፊ በቀን 100 ቅጽ ኮምፒውተር ላይ ቢያስገባ 11,607 ስም 116 ቀን ይፈጅበታል። አሥር ጸሐፊ ከተመደበ 12 ቀን አይሞላም። አንድ ገጽ 40 ስም ቢይዝ ሁሉም በ291 ገጽ ያልቃል። እንግዲህ የአንድ ወሩ ጊዜ ይበቃል፤ የሚጎድለው ከታች የሚመጣው ቅጽ ነው።

ከታች ምን እንደሚሆን እንንገራችሁ። ሰው በመደበኛ ፖሊስ ጣቢያ ሲያዝ የዕለት ሁኔታ መዝገብ አለ፣ ተረኛ አለ፣ መርማሪ አለ። በአዋጅ ጊዜ ግን ጣቢያዎቹ ይሞሉና ወጣት ማዕከል፣ ትምህርት ቤት፣ መጋዘን፣ ወታደራዊ ካምፕ ማቆያ ይሆናል። እነዚህ ቦታዎች መዝገብ ኖሯቸው አያውቅም። የያዘው አካል አንድ ነው፣ የሚጠብቀው ሌላ፣ ይለቀቅ ወይም ይቆይ የሚለው ደግሞ ሦስተኛ። ቤተሰብ በር ላይ ቆሞ ሲጠይቅ «የኮማንድ ፖስት እስረኛ ነው፣ እኛን አይመለከትም» ይባላል። አዋጁን የሚያስፈጽመው የጸጥታ አካላት የጋራ እዝ፣ ኮማንድ ፖስቱ፣ ደግሞ በሩ የት እንደሆነ፣ ደብዳቤ ማን እንደሚቀበልለት ሕዝብ አያውቅም።

በእንዲህ ያለ ማቆያ ብዙ ጊዜ የሚገኘው አንድ መዝገብ ብቻ ነው፤ እሱም የስንቅ ደብተር። በር ላይ ጠባቂው የሚይዘው ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተር ነው። የአምጪው ስም፣ የተቀባዩ ስም፣ ቀን፤ አንዳንዴም «1 ምሳ ዕቃ፣ 1 ብርድ ልብስ» የሚል። ይህ ደብተር ማንም ሕግ ያላዘዘው፣ ዕቃ እንዳይጠፋ ሲባል ብቻ የተጀመረ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ሰው በሕይወት እንዳለና እዚያ ግቢ ውስጥ እንደነበር የሚያሳየው ብቸኛ ጽሑፍ እሱ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ሰውዬው አለ ማለት ነው። እንዳለ ከተመለሰ ቤተሰቡ ያን ሌሊት አይተኛም። የዜጋ ነጻነት የጎመን ምሳ ዕቃ ያገኘችውን ያህል ምዝገባ ይገባዋል ብለን ነው የምንለምናችሁ።

ሰው ከሁሉ በላይ የሚጠፋው በዝውውር ላይ ነው። ሌሊት በአውቶቡስ ተጭኖ ከአዲስ አበባ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዋሽ አካባቢ ሲደርስ፣ የላከው ጣቢያ «እኛ ዘንድ የለም» ይላል፤ እውነቱን ነው። የተቀበለው ካምፕ ለቤተሰብ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበት ማንም አልነገረውም። በደጋ ልብስ የተወሰደ ሰው ቆላ ሙቀት ውስጥ ይውላል። የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒቱ ጣቢያው ቀርቷል፤ ስንቅ የምታቀብለው እህቱ ትናንት የነበረበት በር ላይ ቆማለች። ይህ ሁሉ በክፋት ብቻ የሚመጣ አይደለም። አስረካቢና ተረካቢ ፈርመው የሚለያዩበት ወረቀት ስለሌለ ነው። አንድ ኩንታል ስንዴ ከመጋዘን መጋዘን ሲሄድ የርክክብ ሰነድ አለው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄያችን አንድ ገጽ ቅጽ ነው። በያዙት ሰዓት፣ ቢዘገይ ማቆያው በር ላይ፣ የሚሞላ። በውስጡም የተያዘው ሰው ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የሚናገረው ቋንቋ፣ መያዙ የሚነገረው ሰው ስልክ፤ የተያዘበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ፤ የያዘው ኃላፊ ስም፣ ማዕረግና ክፍል፤ የተወሰደበት ዕቃ፣ ማለትም ስልክ፣ መታወቂያ፣ ላፕቶፕ፣ ገንዘብ ከነመጠኑ፤ የሚወስደው መድኃኒት። በመጨረሻም ምክንያቱ። በሦስት ቅጂ ይዘጋጅ፦ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለማቆያው፣ አንዱ ለመርማሪ ቦርዱ። ጀርባው ላይ የዝውውር ሠንጠረዥ ይኑር፤ በእያንዳንዱ ዝውውር ሁለት ፊርማ።

ስለ ምክንያቱ ቆም ማለት ያስፈልጋል። «ጸረ ሰላም ኃይል»፣ «ለአካባቢው ጸጥታ ሲባል»፣ «በጥርጣሬ» የሚሉት ምክንያት አይደሉም፤ ሰውን የሚፈርጁ ቃላት ናቸው። ምክንያት ማለት አንድ ሰው ሊያረጋግጠው ወይም ሊያስተባብለው የሚችል ድርጊት ነው። «በዚህ ቀን፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በዚህ ድልድይ ላይ መኪና ሲያስቆም ታይቷል» ቢባል፣ ተያዡ «ያን ጠዋት ሥራ ቦታዬ ነበርኩ፣ የመግቢያ ፊርማዬን እዩ» ማለት ይችላል። መርማሪውም የሚመረምረው ነገር ያገኛል። በጅምላ የተያዙ ሰዎች መጨረሻ ላይ ያለ ክስ የሚለቀቁት አንድም ንጹሐን በመሆናቸው ነው፣ አንድም ጥፋተኛው ላይ የተጻፈ ነገር ስላልነበረ ነው። ሁለተኛውን ጸጥታ አስከባሪውም ሊጨነቅበት ይገባል። ብሔሩ ወይም የመጣበት አካባቢ ምክንያት ተደርጎ ከተጻፈ ደግሞ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ የእኩልነት አንቀጽ 25 እና ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው አንቀጽ 18 በአስቸኳይ ጊዜም ቢሆን እንዳይገደቡ አንቀጽ 93 ራሱ ከልክሏል።

ሁለተኛው ጥያቄያችን ፍርድ ቤትን ይመለከታል። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 4 በጊዜው ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሰው የአካል ነጻነቱ እንዲከበር ፍርድ ቤትን የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል። ሥነ ሥርዓቱ በ1958 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 177 እስከ 179 ተቀምጧል። አቤቱታው በቃለ መሐላ ይደገፋል፤ ተያዡ ራሱ መማል ካልቻለ ሌላ ሰው ምክንያቱን ገልጾ ሊምልለት ይችላል። ፍርድ ቤቱ የያዘውን አካል ተያዡን ይዞ እንዲቀርብና ለምን እንዳሰረው እንዲያስረዳ ይጠራዋል።

በተግባር አቤቱታው የሚከሽፈው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ተጠሪው «በአዋጁ መሠረት የተያዘ ነው» ይላል፤ ችሎቱም አልፎ አልፎ በዚያው ፋይሉን ይዘጋል። ይህ ትክክል አይደለም። አዋጁ የመያዝ ሥልጣን ሰጠ ማለት ይህ ሰው በእርግጥ በአዋጁ በተገለጸው ምክንያት ተይዟል ወይ የሚለውን ዳኛ እንዳይጠይቅ ከለከለ ማለት አይደለም። አገራችን በ1985 የተቀበለችውን የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን የሚተረጉመው የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ኮሚቴ፣ የእስሩን ሕጋዊነት በፍርድ ቤት የማስመርመር መብት በአስቸኳይ ጊዜም መጓደል እንደሌለበት በ2001 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በአጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 29 አስቀምጧል። የአፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ደግሞ በአስቸኳይ ጊዜ መብት ማገድን የሚፈቅድ አንቀጽ ጭራሽ የለውም። ሁለቱም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ናቸው።

ሁለተኛው የመክሸፊያ መንገድ ተጠሪ ማሳሳት ነው። አቤቱታው በጣቢያው ላይ ይቀርባል፣ ሰውዬው በዚያው ሌሊት ይዛወራል፣ ጣቢያው «በእኛ እጅ የለም» ብሎ ይጽፋል፣ መዝገቡ ይዘጋል፣ ቤተሰብ ከዜሮ ይጀምራል። የርክክብ ቅጽ ግዴታ ቢሆን ይህ መልስ ብቻውን አያድንም ነበር፤ ዳኛው «ለማን አስረከብክ? ፊርማውን አምጣ» ይላል።

መደበኛው ሕግም ቀዳዳ እንዳለው ሳንናገር ማለፍ አንችልም። የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 አንድ የጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ምርመራውን እስኪጨርስ ሰውየው እንዲቆይ ፍርድ ቤት የሚፈቅደው ጊዜ፣ ከ14 ቀን እንዳይበልጥ ይላል፤ ስንት ጊዜ 14 ቀን ሊሰጥ እንደሚችል ግን ጣሪያ አላስቀመጠም። ዋስትና ተፈቅዶ፣ ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ደረሰኙ በቤተሰብ እጅ እያለ ሰውዬው በር ላይ በሌላ ጣቢያ ፖሊስ ተይዞ ቆጠራው እንደገና ከአንድ ሲጀምርም ይታያል። አዋጁ ሲያልቅ ችግሩ የማያልቀው በዚህ ምክንያት ነው። አዋጅ ቁጥር 6/2015 በ2016 ክረምት መግቢያ ላይ ጊዜው አብቅቷል። ይሁንና በመስከረም 2017 በአማራ ክልል በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በጅምላ መያዛቸውንና ዳንግላና ሸዋ ሮቢትን በመሳሰሉ ቦታዎች መቆየታቸውን አምነስቲ ኢንተርናሽናል ዘግቧል። ያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው 48 ሰዓት ነበር፤ ሌላ ሕግ አልነበረም።

ስለዚህ አንቀጽ 93ን የሚያስፈጽም ቋሚ ሕግ አውጡ። አዋጅ በመጣ ቁጥር በመመሪያ የሚለዋወጥ አይሁን። ከላይ ያልነው ቅጽና ርክክብ በዚያ ይካተት። ማቆያዎች በሙሉ በስም ይፋ ይሁኑ፤ ባልታወቀ ቦታ የተያዘ ሰው እስሩ በዚያ ብቻ ሕገ ወጥ ይባል። በአዋጅ የተያዘ ሰው ቢዘገይ በ14ኛው ቀን ዳኛ ይየው፤ ዳኛው ወደ ማቆያው ሊሄድ ይችላል። ቦርዱ የራሱ ጽሕፈት ቤት፣ ጸሐፊዎችና ተሽከርካሪ ይኑረው፤ ሥራውም ከአዋጁ ጋር ሳይሆን የመጨረሻው እስረኛ ሲለቀቅ ወይም ክስ ሲቀርብበት ያብቃ። አዋጁ ባበቃ በ48 ሰዓት ውስጥ የተያዘ ሁሉ ፍርድ ቤት ይቅረብ ወይም ይለቀቅ። የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 1224/2012 ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ የመጎብኘት ሥልጣን ስላለው፣ በር ላይ «ከበላይ ፈቃድ አምጡ» የሚል ኃላፊ ተጠያቂ ይሁን።

ለፖሊስና ለመከላከያ አባላትም አንድ ቃል አለን። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ወይም ሕጉ ያዘዘውን ሥርዓት ሳይጠብቅ ሰው የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛ እስከ አሥር ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንደሚቀጣ ይናገራል። «ታዝዤ ነው» የሚል ሰው ማን እንዳዘዘው የሚያሳይ ወረቀት ያስፈልገዋል። ቅጹ እናንተንም ይጠብቃል።

ይህን የሚያነብ ቤተሰብ ካለ፣ ሕጉ እስኪወጣ ድረስ ይህን አድርጉ። የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓት፣ የመኪናውን ታርጋና የያዙትን ሰዎች የደንብ ልብስ ዓይነት ዛሬውኑ ጻፉ፤ ያዩ ጎረቤቶችን ስም አብራችሁ ያዙ። ስንቅ ስታቀብሉ ምሳ ዕቃው ላይ ሙሉ ስሙን በማይጠፋ ቀለም ጻፉ፣ የሰጣችሁበትንም ቀን በራሳችሁ ደብተር መዝግቡ። መድኃኒት ካለው የሐኪም ማዘዣውን ቅጂ ላኩ። በ48 ሰዓት ካልቀረበ የአካል ነጻነት አቤቱታ አዘጋጁ፤ ተጠሪ ስታደርጉ ጣቢያውን ብቻ ሳይሆን የበላይ የፖሊስ ኮሚሽኑንም ጨምሩ፣ ተዛውሮ ከሆነ ለማን እንደተላለፈ እንዲገለጽ ትእዛዝ ጠይቁ። ሲለቀቅ የመፈቻ ወረቀት ሳይዝ አይውጣ። ካሳ መጠየቅ የሚፈልግ ሰው በፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2143 የይርጋ ጊዜው፣ ማለትም ክስ ማቅረብ የሚቻልበት ጊዜ፣ በመሠረቱ ሁለት ዓመት መሆኑን አይርሳ።

የተከበራችሁ የምክር ቤቱ አባላት፣ ሕግ ለማውጣት ጊዜ ይፈጃል፤ ስም ለማውጣት ግን ጊዜ አይፈጅም። የሕግና ፍትሕ ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ከ2015ቱ አዋጅ ጀምሮ ተይዘው እስካሁን ክስ ያልቀረበባቸው ሰዎች ካሉ ስማቸውን፣ ያሉበትን ቦታና የተያዙበትን ምክንያት ከየማቆያው በጽሑፍ ጠይቆ በ30 ቀን ውስጥ ለሕዝብ ይፋ እንዲያደርግ እንጠይቃለን። ዝርዝሩ በየወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳም ይለጠፍ፤ በዚህ ጉዳይ የሚንከራተተው ቤተሰብ ሁሉ ኢንተርኔት የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
በእስረኞች ጉዳይ የምንሠራ የሕግ ባለሙያዎች